ሴሎቹን መጠየቅ፦ የደም ምርመራ ከቫይረስ ጋር ያደረግነውን ትግል እንዴት ያነባል?

«ሲዲ ፎርህ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ በእኔ እድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በ2005 የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ይህች ቁጥር ከሐኪም ቤት አልፋ የየቤቱ ቋንቋ ሆነች። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከ200 በታች ወረደ ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፣ መድኃኒት ይጀመራል፤ 400 ገባ ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ብዙዎቻችን በሽታን ስለሚከላከሉ ሴሎች መጀመሪያ የተማርነው ከዚያ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤት።

ቁጥሯ ግን ቆጠራ ናት። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም፣ ማለትም ከአንዲት ጠብታ በብዙ እጥፍ በምታንስ መጠን ውስጥ፣ ሲዲ ፎር የሚባል ምልክት የለበሱ ነጭ የደም ሴሎች ስንት እንደሆኑ ትናገራለች። ሴሎቹ ምን እንደሚያውቁ አትናገርም። በአንድ ሰፈር ስንት ዘበኛ እንዳለ መቁጠር ሌላ፣ ከዘበኞቹ መካከል ያንን ሌባ ከዚህ በፊት ያየውና ተመልሶ ቢመጣ የሚለየው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፦ ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ ያሉ ሴሎችን «ይህን ቫይረስ ታውቁታላችሁ ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ምርመራ።

የለመድነው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን፣ አንቲቦዲን ነው። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያወጣው ፈጣን የኤች.አይ.ቪ ምርመራ የዚህ ወገን ነው። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው። ቢ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያመርቱትና ወደ ደም ይለቁታል፤ ቫይረሱ ላይ እየተጣበቀ ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል። ፕሮቲን መሆኑ ለላቦራቶሪ ያመቻል፤ የደሙን ፈሳሽ ክፍል ለይተው በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጡት ከዓመታት በኋላም ይመረመራል። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። አንዳንድ ቫይረሶች ላይ የተሠራ አንቲቦዲ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ምርመራው ከማያየው ደረጃ ይደርሳል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ አንቲቦዲ ተከትሎት አይገባም። ቫይረስ ደግሞ የሚራባው እዚያው ውስጥ ነው።

ታዲያ የቤቱን ውስጥ ጉድ ማን ያውቃል? የዚህ መልስ ሰውነታችን ካሉት አሠራሮች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ነው። ከጥቂቶች በስተቀር እያንዳንዱ ሴል ውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ እየቆነጠረ በገዛ ደጁ ላይ ያሰጣዋል፤ እህል ሰሌን ላይ እንደሚሰጣ ማለት ነው። ቁራጮቹ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) የሚረዝሙ ብጥስጣሾች ናቸው። ሰሌኑ ደግሞ ኤች.ኤል.ኤ የሚባል ሞለኪውል ነው። ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ደጅ ለደጅ እየዞሩ የተሰጣውን ይዳስሳሉ። የራስ ፕሮቲን ከሆነ ያልፋሉ። የባዕድ ቁራጭ ካገኙ ያ ቤት ተይዟል። ሲዲ ኤይት የሚባሉት ቲ-ሴሎች የተያዘውን ሴል ይገድሉታል። ሲዲ ፎሮቹ ረዘም ያለ ቁራጭ ነው የሚያነቡት፤ እሱንም የሚያሰጡላቸው ለዚሁ ሥራ የተለዩ ሴሎች ናቸው። ካነበቡ በኋላ ሌሎቹን ያስተባብራሉ፣ ቢ-ሴሎችንም ጥሩ አንቲቦዲ እንዲያመርቱ ይረዳሉ። ኤች.አይ.ቪ ያን ያህል የሚጎዳው አስተባባሪዎቹን ለይቶ ስለሚያጠቃ ነው።

ወደዚህ ግንዛቤ መንገዱን የከፈቱት በአውስትራሊያ ካንቤራ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በቫይረስ ከተያዘ አይጥ የወሰዷቸው ቲ-ሴሎች በዚያው ቫይረስ የተያዙ ሴሎችን ሲገድሉ አዩ። ሴሎቹ የሌላ ዘር አይጥ ከሆኑ ግን፣ ቫይረሱ እያለባቸው፣ አይነኳቸውም። ቲ-ሴል ቫይረሱን ብቻውን አያውቀውም፤ በወገኑ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሲያገኘው ነው የሚያውቀው። በ1996 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው ይህ ነበር። ለምርመራው ጣጣ ያመጣውም ይኸው ነው። ኤች.ኤል.ኤ ከሰው ሰው ይለያያልና፣ ለእኔ ሴሎች ጎልቶ የሚታይ የቫይረሱ ቁራጭ ለእናንተ ሴሎች ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች ባንድ ቁራጭ አይጠይቁም፤ የቫይረሱን ፕሮቲን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍኑ፣ ጫፍ ለጫፍ የሚደራረቡ ብዙ ቁራጮችን ቀላቅለው ያቀርባሉ።

ሌላው ችግር የሴሎቹ ማነስ ነው። ቲ-ሴሎች የሚሠለጥኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ሲሆን «ቲ» የምትለው ፊደልም ከዚያ የመጣች ናት። እያንዳንዱ ሴል ከዚያ ሲወጣ የራሱ የሆነ መዳሰሻ ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ ይዞት በማያውቅ ሰው ደም ውስጥ አንድን ቁራጭ የሚለይ ሴል ከመቶ ሺህ ወይም ከሚሊዮን አንድ ቢገኝ ነው። ቫይረሱ ሲገባ ያ አንዱ ይከፈላል፣ ልጆቹም ይከፈላሉ። የቢጫ ወባ ክትባት በወሰዱ ሰዎች ደም ላይ በተደረገ ክትትል፣ የሲዲ ኤይቶቹ ዘመቻ ጫፍ የሚደርሰው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ቫይረሱ ሲጠፋ ከዘማቾቹ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተረፉት ጥቂቶች የትውስታ ሴሎች ይባላሉ፤ ምርመራው የሚፈልገው እነዚህን ነው።

ጥያቄው የሚቀርበው እንዲህ ነው

መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር፣ የሚጠየቀው በሕይወት ያለ ሴል መሆኑ ነው። የምርመራው ጥንካሬም መከራም ከዚህ ይጀምራል። ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ይቀዳል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ከቀይ የደም ሴል በሚቀልል ልዩ ፈሳሽ ላይ ቀስ ተብሎ ይንቆረቆርና በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ቀዮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፣ መሐል ላይ እንደ ስስ ጉም ያለ ነጭ ንጣፍ ይታያል። ቲ-ሴሎቹ እዚያ ናቸው። ያችን ስስ ንጣፍ ሳያደፈርሱ በፒፔት መምጠጥ የእጅ ሙያ ነው፤ የተለማመደ ሰው ሲሠራው ቡና ሳይደፈርስ እንደመቅዳት ቀላል ይመስላል።

ቀጥሎ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉበት የፕላስቲክ ፕሌት ይመጣል። የየጉድጓዱ ወለል ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ፕሮቲን በሚይዝ አንቲቦዲ ተቀብቷል። ቲ-ሴል የሚያውቀውን ቁራጭ ሲያገኝ ከሚለቃቸው ምልክቶች ዋናው ይህ ነው፤ እንደ እሪታ ቁጠሩት። በየጉድጓዱ 200,000 ያህል ሴል ይጨመራል፣ የቫይረሱ ቁራጮች ይከተላሉ፣ ፕሌቱ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ሌሊቱን ቁራጩን ያወቀው ሴል ባለበት ሆኖ ይጮኻል፤ እሪታው ከሥሩ ያለው ወለል ላይ ይጣበቃል። ጠዋት ሴሎቹ ታጥበው ይወገዳሉ፣ ቀለም የሚያወጣው ኬሚካል ይጨመራል፣ ወለሉ ላይ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዷ ነጠብጣብ አንድ ሴል ያደረባት ቦታ ናት። 20 ነጠብጣብ ከተቆጠረ ከአሥር ሺህ ሴል አንዱ ቫይረሱን ያውቀዋል ማለት ነው። ዘዴው ኤሊስፖት ይባላል፤ በ1983 መጀመሪያ የተገለጸው አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሴሎችን ለመቁጠር ነበር፤ ለቲ-ሴል የዋለው ኋላ ነው።

ከእነዚህ ጎን ሁልጊዜ ሁለት ሌሎች ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው ምንም ቁራጭ አይጨመርበትም፤ እዚያ ነጠብጣብ ከበዛ ሴሎቹ ያለ ምክንያት እየጮኹ ነው። ሁለተኛው ላይ የሚጨመረው ማንኛውንም ቲ-ሴል የሚቀሰቅስ ነገር ሲሆን የሚወጣው ከቀይ ቦሎቄ ነው። አዎ፣ ከምንበላው ቦሎቄ። ሳይበስል ሲበላ ሆድ የሚያውከው ያው ፕሮቲን ነው። ፒተር ኖዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1960 ይህ የቦሎቄ ፕሮቲን የተኙ ነጭ የደም ሴሎችን ቀስቅሶ እንዲከፋፈሉ እንደሚያደርግ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከላቦራቶሪ አልጠፋም። የቦሎቄው ጉድጓድ ባዶ ከሆነ ሴሎቹ ሞተዋል ወይም እጅግ ደክመዋል፤ ስለ ቫይረሱ የሰጡት መልስም ዋጋ የለውም።

አቋራጭም አለ። ሴል መለየቱን ትቶ፣ ቁራጮቹ ቀድመው በገቡበት ቱቦ ደሙን እንዳለ ቀድቶ ማሳደርና በማግሥቱ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኢንተርፌሮን ጋማ መለካት። ነጠብጣብ አይቆጠርም፤ የጩኸቱ ድምር ይለካል። ኳንቲፌሮን የሚባለው የቲቢ ምርመራ እንዲህ ይሠራል። ቲቢ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ነው። ወደ አሜሪካ ለመሄድ በሚደረገው የጤና ምርመራ ልጆቻቸው ለቲቢ ደም የሰጡ ወላጆች ስሙን ሳይሰሙ አግኝተውት ሊሆን ይችላል። ክንድ ላይ በመርፌ የሚሰጠው የቀድሞው ምርመራ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የወሰደውን ልጅ ቲቢ ከያዘው ጋር ያምታታል። የደሙ ምርመራ ለሴሎቹ የሚያሳያቸው ፕሮቲኖች ቢሲጂ ውስጥ የሌሉ ስለሆኑ በክትባቱ አይሳሳትም። ብልሃቱ ሁሉ ያለው ምን እንደሚጠየቅ በመምረጡ ላይ ነው።

የቀሩትን ሁለት መንገዶች በአጭሩ። ሲዲ ፎር ከሚቆጥሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ሴሎችን በቀጭን የፈሳሽ መስመር አሰልፈው በሌዘር ብርሃን አንድ በአንድ የሚያዩ ናቸው፤ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይባላል። ከፍ ያለ አቅም ያለው ማሽን ይህ ሴል ሲዲ ፎር ነው ወይስ ሲዲ ኤይት፣ ነቅቷል ወይስ ተኝቷል፣ አዲስ ነው ወይስ የትውስታ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያነባል። በ1996 ደግሞ በስታንፎርድ የማርክ ዴቪስ ቡድንና ባልደረቦቹ ሰሌኑን ከነቁራጩ በላቦራቶሪ ሠርተው፣ አራት አራቱን አያይዘው፣ የሚያበራ ቀለም አደረጉበት፤ ቁራጩን የሚያውቅ ሴል ሳይጮኽም ይያዛል። ሌላው መንገድ የመዳሰሻውን ዘረ መል ማንበብ ነው። በማርች 2021 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍ.ዲ.ኤ ቲ-ዲቴክት ኮቪድ ለተባለ፣ አዳፕቲቭ ባዮቴክኖሎጂስ ለሠራው ምርመራ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰጥቷል። የሚነበበው ዲ.ኤን.ኤ ስለሆነ ሴሉ ሌሊቱን በሕይወት ማደር አይጠበቅበትም።

ሴሎቹ ምን መለሱ?

ከቀደሙት ታሪኮች አንዱ የተጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አለርት አጠገብ ባለው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም ነው። በ1973 ቶሬ ጎዳልና ከበደ ነጋሲ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ከሰዎች ነጭ የደም ሴሎች ጋር አደባልቀው ሴሎቹ ነቅተው ይከፋፈሉ እንደሆነ ተመለከቱ። ከሕሙማን ጋር በሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩት ጤነኛ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴሎቻቸው ምላሽ ሰጡ። ባክቴሪያው ሰውነታቸው ገብቶ ነበር፤ ሳይታመሙ ግን ቀርተዋል። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ምን ያህል ሲሸሽ፣ ከማኅበር ሲገለል እንደኖረ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴሎቹ የመሰከሩት ተህዋሲው ካገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሳያውቁት ድል እንደሚያደርጉት ነው። ይህ ታሪክ በአማርኛ ሲነገር ብዙም አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

ወደ ቫይረስ ስንመለስ፣ ናይሮቢ ውስጥ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተከታተሉ ኬንያውያን፣ ካናዳውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ነበሩ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ለዓመታት በተደጋጋሚ ለኤች.አይ.ቪ ተጋልጠው የአንቲቦዲ ምርመራቸው ኔጌቲቭ እንደሆነ ቀጠለ። በ1998 የታተመ ጥናት የሲዲ ኤይት ሴሎቻቸውን ጠየቀ፤ ሴሎቹ የቫይረሱን ቁራጮች ያውቁ ነበር። አንቲቦዲው ዝም ያለበትን ሴሉ ተናገረ። ብዙዎች ክትባት በዚህ መንገድ ሊገኝ ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። በ2001 ግን ሌላ ወሬ መጣ፦ ሴሎቻቸው ቫይረሱን እያወቁ ከጊዜ በኋላ የተያዙ ሴቶች ተገኙ። ከእነሱም መካከል ጎልቶ የታየው፣ ከመያዛቸው በፊት ባለው ዓመት ሥራውን መቀነሳቸው ነበር። ትውስታው በተደጋጋሚ መጋለጥ ሲታደስ ኖሮ፣ መታደሱ ሲቀር ሳይሳሳ አልቀረም የሚል ግምት ተሰነዘረ። ይህን ታሪክ የማነሣው «ሴሎችህ ያውቁታል» ማለት «አይይዝህም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ጥያቄው የዓለም ሁሉ ሆነ። በሲንጋፖር አንቶኒዮ በርቶሌቲ የሚመራው ቡድን በ2003 በሳርስ ታመው የዳኑ 23 ሰዎችን ደም በ2020 መረመረ። ከ17 ዓመት በኋላ ቲ-ሴሎቻቸው የያኔውን ቫይረስ ያውቁታል፤ የአዲሱንም ዘመዱን ቁራጮች ይለያሉ። በካሊፎርኒያ የላ ሆያ ተመራማሪዎች ደግሞ ኮቪድ ከመታወቁ በፊት ተቀድቶ የተቀመጠ ደም ሲጠይቁ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆነው ውስጥ የኮቪድን ቫይረስ ቁራጭ የሚለዩ ሲዲ ፎር ሴሎች አገኙ። ቫይረሱ ገና ሰው ሳይዝ! ከፊሉ ምክንያት ተራ ጉንፋን የሚያመጡ የኮሮና ዘመዶች መሆናቸው ኋላ ላይ ታይቷል። ሌባውን ሳይሆን ወንድሙን የሚያውቅ ዘበኛ እንደማለት ነው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት «ቫይረሱ ይዞህ ነበር» የሚል የምስክር ወረቀት አይሆንም፤ ላቦራቶሪው የመረጣቸው ቁራጮች የዚያ ቫይረስ ብቻ ናቸው ወይስ ዘመዶቹም ይጋሯቸዋል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቲ-ሴል ሁልጊዜ ከአንቲቦዲ ይበልጣል የሚሉም አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ያለባቸው እናቶችና አባቶች ገና በመካከላችን ናቸው። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የፈንጣጣ ሕመምተኛ ያየችው በ1976፣ ኦጋዴን ውስጥ ነው፤ በተከታዩ ዓመት በሶማሊያ መርካ ከተገኘው ሰው በኋላ በተፈጥሮ የተያዘ ሰው በዓለም አልታየም። በ2003 በአሜሪካ በኦሪገን የታተመ ጥናት ክትባቱን ከወሰዱ ከ25 እስከ 75 ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች መረመረ። ቲ-ሴሎቻቸው በየ8 እስከ 15 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሱ ሲሄዱ አንቲቦዲያቸው ግን ሳይናወጥ ቆይቷል። እዚህ ሴሉ ሳይሆን ፕሮቲኑ ነው የቆየው። እያንዳንዱ ቫይረስና እያንዳንዱ ክትባት የራሱን ዓይነት ትውስታ ይተዋል።

የማን ደም፣ በማን መለኪያ?

አሁን ወደሚያብሰለስለኝ ጉዳይ። በ1990ዎቹ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድ ትብብር የተቋቋመ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ይከታተል ነበር። ተመራማሪዎቹ ኤች.አይ.ቪ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር ሲያነጻጽሩ የኢትዮጵያውያኑ ሲዲ ፎር ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። ከዚያም በላይ፣ ገና ምንም ያላዩ አዳዲስ ሴሎች በኢትዮጵያውያኑ ደም ውስጥ ጥቂት ነበሩ፤ የነቁት ደግሞ ብዙ። በእስራኤል ሬሆቮት ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ደም ያዩትም ተመሳሳይ ነው። ምክንያቱን ሲከታተሉ አንጀት ውስጥ ያሉ ጥገኛ ትሎች ዋና ተጠርጣሪ ሆኑ። ሴሎቹ ያለማቋረጥ ከመንቃታቸው የተነሳ ለአዲስ ጥያቄ የሚሰጡት ምላሽ ደክሞ ነበር፤ ትሎቹ በመድኃኒት ሲወገዱ መሻሻል ታየ።

ይህ ለምርመራችን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ጩኸት ይበዛል፤ የቦሎቄው ጉድጓድ ውስጥ ያንሳል። «ከዚህ ነጠብጣብ በላይ ፖዘቲቭ፣ ከዚህ በታች ኔጌቲቭ» የሚለው ወሰን በአምስተርዳም ወይም በኦክስፎርድ ሰዎች ደም ላይ ተወስኖ ከመጣ፣ ጎጃም ገጠር ላደገ፣ ሕፃንነቱን ከወባ፣ ከትልና ከኩፍኝ ጋር ላሳለፈ ሰው መሥራቱ በራሱ ሰዎች ደም ካልተረጋገጠ አይታወቅም። የሲዲ ፎሩ መደበኛ ልክ እንኳ ከአገር አገር የሚለያይ ሆኖ ከተገኘ፣ እጅግ ጥቂት ሴሎችን ለሚፈልግ ምርመራ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም ይህን አስተምሮናል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው።

ሌላው ከባድ ጉዳይ መንገዱ ነው። የአንቲቦዲ ናሙና ቀዝቅዞ ሳምንት ቢቆይ ግድ የለም። በሕይወት ያለ ሴል ግን ከክንድ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ ከተባለ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ አልፎ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ከጅንካ ወይም ከጎዴ የተቀዳ ደም በዚህ ሰዓት ውስጥ የት ይደርሳል? ደም ውስጥ ያለው ቲ-ሴል ደግሞ ሰውነት ካለው ሁሉ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በንፍፊት፣ በጣፊያ፣ በአንጀት፣ በሳንባ ነው። ደሙ «የለም» ሲል ሳንባው «አለ» ሊል ይችላል።

ታዲያ ዛሬ ለማን ይጠቅማል? ከምርምር ውጪ ግልጽ ጥቅሙ የሚታየው በንቅለ ተከላ ነው። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ በዓለም ላይ አብዛኛውን ጎልማሳ ይዞ፣ ተኝቶ ይኖራል፤ ቲ-ሴሎች ተኝቶ እንዲቆይ ይጠብቁታል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው አዲሱን አካል እንዳይገፋው ቲ-ሴልን የሚያደክም መድኃኒት ይወስዳል፤ ቫይረሱም ይነሣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ፣ በውጭም ተተክሎላቸው የተመለሱ ስላሉ፣ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የአንቲቦዲ ምርመራ «ቫይረሱ አለህ» ብቻ ይለዋል፤ ያንንማ ቀድሞም ያውቀዋል። የሴሉ ምርመራ ጠባቂዎቹ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው ወይ ብሎ ስለሚጠይቅ፣ መከላከያ መድኃኒቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል ለሚለው ሐኪሙ የሚመረኮዝበት ነገር ያገኛል። ሁለተኛዎቹ ቢ-ሴልን የሚያጠፋ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለምሳሌ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ወይም አንዳንድ የደም ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ከኮቪድ ክትባት በኋላ አንቲቦዲ ሳይገኝባቸው ቲ-ሴሎቻቸው ግን በደንብ ምላሽ የሰጡ ብዙ ነበሩ። «ክትባቱ አልሠራልህም» ተብሎ ተስፋ ለቆረጠ ሕመምተኛ ይህን ማወቅ ብዙ ነው።

ጤነኛ ሰው ግን «አቅሜን ልለካ» ብሎ ገንዘብ ቢያወጣበት የሚያገኘው ቁጥር ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ከዚህ ነጠብጣብ በላይ ያለው ሰው አይያዝም የሚባል ወሰን ለኮቪድም ሆነ ለኤች.አይ.ቪ የለም። ለኤች.አይ.ቪ ምርመራ ዛሬም መሄጃው የተለመደው የአንቲቦዲ ምርመራ ነው፤ ሐኪም ሲያዝም ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ይጨመራል።

ሐኪም አዝዞላችሁ የዚህ ምርመራ ውጤት በእጃችሁ ከገባ፣ ዓይናችሁ መጀመሪያ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጌቲቭ» የምትለው ቃል ላይ አይረፍ። ከሥር የሁለቱ መቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ፤ ከሌለ ጠይቁ። ባዶው ዝቅ ብሎ የቦሎቄው ከፍ ካለ ሴሎቹ በሕይወት ደርሰዋል፣ መልሳቸውም ይነበባል። ወረቀቱ «መወሰን አልተቻለም» ካለ ቫይረሱ አለ ማለትም የለም ማለትም አይደለም። ደሙ መንገድ ላይ ቆይቶ ይሆናል፣ ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ሴሎቹን አድክሟቸው ይሆናል። የተቀዳበትን ሰዓትና የመድኃኒቶቻችሁን ስም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ደሙ እንደገና ይቀዳል፣ ጠዋት ላይ፣ ወደ ላቦራቶሪው ቅርብ በሆነ ቦታ።